ንስሯ ካርድ አለቀባት

ሥራዬ ወፍ ማሳየት ነው። ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን ከአዋሽ እስከ ባሌ ይዤ እዞራለሁ፤ እነሱ በመነጽር ያያሉ፣ እኔ ስም እጠራለሁ። ባለፈው ጥቅምት አጋማሽ እንግዶቼን ሸኝቼ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ሁለት ቀን ሰነበትኩ። ቤታቸው ከተማው ዳር ላይ ነው፤ ግቢው ወደ ቆላው ያያል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ፀሐይዋ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር፣ ትልልቅ ቡናማ ወፎች ከገደሉ ሥር እየተነሡ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። አክስቴ ቡና ይቆላሉ። ስልካቸው እንደ ልማዳቸው መቀነታቸው ውስጥ ናት። ጨዋታችንን የማስታውሰውን ያህል አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ቦታ እኔ ብዙ አውርቻለሁ፤ የሥራ ጠባይ ነውና ይቅር በሉኝ።

አክስቴ፦ ምን ትፈልጋለህ ሰማይ ላይ? ቡናው ሊደርስ ነው እኮ።

እኔ፦ ንስሮቹን ነው እትዬ። ከሁሉም ዝቅ ብላ የምትዞረውን አዩዋት?

አክስቴ፦ አሞራ ናት። ቄራው አካባቢ መቼ ጠፍተው ያውቃሉ?

እኔ፦ ጥንብ አንሳዎቹም አብረው አሉ። እሷ ግን ንስር ናት፣ የስቴፕ ንስር። ስቴፕ የሚሉት ካዛኪስታንና ደቡብ ሩሲያ ያለውን ዛፍ የማይበቅልበት የሣር ሜዳ ነው። የተፈለፈለችው እዚያ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣ ወደኛ ትወርዳለች።

አክስቴ፦ አንተ ደግሞ! አገሯን ነገረችህ?

እኔ፦ ዘሯን በአፏ አውቃለሁ። ቀረብ ስትል ከአፏ ጥግ የሚነሣ ቢጫ መስመር ይታያል፤ እስከ ዓይኗ ኋለኛ ጫፍ ይሄዳል፣ የምትስቅ ያስመስላታል። እዚሁ አገር የምትወልደው ዘመዷ ግን መስመሯ ዓይኗ መሐል ሥር ያበቃል። ከየት አገር እንደመጣች በዓይን አይታወቅም። እሱን የነገሩን መሣሪያ የተጫነባቸው ናቸው።

አክስቴ፦ መሣሪያ? ለአሞራ ደግሞ ምን ሊያደርግላት ነው መሣሪያ!

እኔ፦ ጠመንጃ አይደለም እትዬ። ስልክ በሉት። ሲም ካርድ ያለው፣ በፀሐይ ራሱን የሚሞላ ትንሽ ዕቃ ነው። እንደ ተማሪ ቦርሳ ጀርባዋ ላይ ይሆናል፤ ማሰሪያው በክንፎቿ ሥር አልፎ ደረቷ ላይ ይገናኛል። ያለችበትን ቦታ ከሳተላይት ይለካና በጽሑፍ መልእክት ለባለቤቶቹ ይልካል።

አክስቴ፦ አይከብዳት?

እኔ፦ ደንቡ ከክብደቷ ከመቶ ሦስት እጅ አይለፍ ይላል። 3 ኪሎ የምትመዝን ከሆነች ቢበዛ 90 ግራም ነው።

አክስቴ፦ አንድ ሲኒ ከነቡናው መሆኑ ነው። ይሁን። ለመሆኑ ማን ይዟት ነው የሚያስራት? እኔ ዶሮ ለመያዝ እንኳ ግቢውን ሦስት ጊዜ እዞራለሁ።

እኔ፦ ትልቋን በወጥመድ ይይዟታል። ብዙ ጊዜ ግን ጫጩቷን ጎጆዋ ውስጥ እያለች ነው፤ ላባዋ ሞልቶ መብረር ሳትጀምር። ለስቴፕ ንስር ይሄ ቀላል ነው፣ ጎጆዋን መሬት ላይ ነው የምትሠራው።

አክስቴ፦ ንስር መሬት ላይ? ንስር እኮ ገደል ነው የምትወደው። ቪዲዮ መጥቶልኛል። አርባ ዓመት ሲሞላት ከተራራ ጫፍ ወጥታ ምንቃሯን ከድንጋይ ጋር አጋጭታ ትነቅለዋለች፤ አዲስ ይበቅልላትና ሌላ ሠላሳ ዓመት ትኖራለች።

እኔ፦ ያ ቪዲዮ ለእኔም ሃያ ጊዜ ተልኮልኛል። ውሸት ነው እትዬ። ምንቃር እንደ ጥፍራችን ሁልጊዜ ያድጋል፣ ስትበላበት ደግሞ ይሞረዳል። ምንቃሯን የነቀለች ንስር ሥጋ መቅደድ አትችልም፤ በረሃብ ትሞታለች።

አክስቴ፦ ታዲያ ምን ያስዋሻቸዋል?

እኔ፦ ደስ ስለሚል ነዋ። እውነተኛው ኑሮዋ ለስብከት አይመችም። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፤ ስለዚህ ጉብታ፣ አለት፣ ያረጀ የሣር ክምር ካገኘች ይበቃታል። ቅርንጫፍ ትከምርና ውስጡን በሱፍ፣ በአጥንት፣ ሰው በጣለው ጨርቅ ታነጥፈዋለች። ከአንድ እስከ ሦስት እንቁላል ትጥላለች፣ 45 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ለመብረር ሌላ ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሬት ላይ ናቸው፤ ቀበሮም አለ፣ የእረኛ ውሻም አለ፣ የሣር ቃጠሎም አለ።

አክስቴ፦ ምስኪን። ምን ታበላቸዋለች?

እኔ፦ እዚያ ሱስሊክ የሚባል ጉድጓድ የሚቆፍር እንስሳ አለ፣ እንደ ሽኮኮ በሉት። ወደኛ ስትመጣ ግን የምግብ ኩራት የላትም። አሸን ሲወጣ ምስጥ ትለቅማለች፣ አንበጣ ትበላለች፣ ግሪሳ ወፍ በሰፈረበት ጫጩቶቹን ትጨርሳለች። ባሌ ላይ ሳነቴ ሜዳ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አይቻታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳትነቃነቅ።

(አቦሉ ቀረበ። አክስቴ ቄጤማው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ለእንግዶቼ ሁሉ የምነግረውን ታሪክ ጀመርኩ፤ ያለ እሱ አንድም ጉዞ አይጠናቀቅልኝም።)

እኔ፦ ስለ አንዲት ንስር ልንገርዎ። ሚን ትባላለች። ሩሲያ ውስጥ አሞሮችንና ንስሮችን የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው መሣሪያውን የጫኑባት፤ 13 ንስሮች ነበሯቸው። በፈረንጆቹ 2019 ነው። ሚን በጋውን ካዛኪስታን ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ አሳለፈች። መሣሪያው ኔትወርክ ሲያጣ አይተውም፤ የነበረችበትን ሁሉ እየጻፈ ያጠራቅማል።

አክስቴ፦ አንድ ወር ሙሉ ጠፍታ የከረመች ልጅ ስትደውል ወሬዋ እንደማያልቀው።

እኔ፦ ልክ ነው! ሰዎቹ ካዛኪስታን ሳለች ትልክልናለች ብለው ሒሳባቸውን ሠርተዋል። ከካዛኪስታን አንዷ መልእክት 15 ሩብል ነበረች። ሚን ግን ተነሥታ በቀጥታ ኢራን ገባች። ኢራን ላይ ኔትወርክ አገኘች፤ የበጋውን ወሬ ሁሉ በመቶዎች አድርጋ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ከኢራን አንዷ መልእክት 49 ሩብል ነበረች።

አክስቴ፦ በሮሚንግ!

እኔ፦ በሮሚንግ። የሌሎቹንም ንስሮች በጀት ጨርሳ በላችው። ሰዎቹ ጨነቃቸውና ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ፤ በአጭሩ ‹ለንስሯ ካርድ ሙሉላት› ነው ያሉት። ከ100,000 ሩብል በላይ ተዋጣ። ቆይቶ ሜጋፎን የሚባለው የስልክ ድርጅት ዕዳውን ልሰርዝ፣ በቅናሽ ላድርግላችሁ አለ።

አክስቴ፦ (እየሳቁ) እኔስ አረብ አገር ለሄደችው እህትህ ስንት ካርድ ሞልቻለሁ! ለእኔ ግን ማንም አላዋጣልኝም። መጀመሪያ የሄደች ጊዜ ‹መልሰሽ ደውዪልኝ› የሚለው መልእክት እንኳ አይደርስም ነበር።

እኔ፦ ዝም ያለችበት ጊዜ ነው?

አክስቴ፦ በኦቦክ የወጣች ጊዜ። ሃያ ሦስት ቀን። ጅቡቲ ደርሻለሁ ብላ አንዴ ደወለች፣ ከዚያ ደብዛዋ ጠፋ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ታውቃለህ። ስልኬን ግን እንደ ሙሳፍ እያገላበጥኩ አድራለሁ። በሃያ ሦስተኛው ሌሊት አንድ ሚስኮል መጣ። አንዴ ጠርቶ ተዘጋ። ቁጥሩ ፊቱ ላይ 967 ይላል። ለጎረቤት ልጅ ሳሳየው የመን ነው አለኝ። አለቀስኩ። አጎትህ ‹ምን ያስለቅስሻል፣ ደወለች እኮ› ይለኛል። እኔ የመን መሆኗን ነው የሰማሁት፤ ደህና መሆኗን ማን ነገረኝ?

(እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አልን። የምለው ስለጠፋኝ ሲኒዬን አቀበልኳቸው።)

አክስቴ፦ ከዚያ ወዲያ ቁጥር ተማርኩ። 967 የመን፣ 966 ሳዑዲ። 966 ሲመጣ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

እኔ፦ እነዚያም ሰዎች ከእርስዎ የተለየ ነገር የላቸውም እትዬ። ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ያያሉ። ነጥቡ ‹እዚህ ነኝ› ይላል። ጠግባ ይሁን ተርባ፣ ቆስላ ይሁን ድና አይናገርም። ሲቀርም ለምን እንደቀረ አይናገርም። ኔትወርክ ይሆናል፤ ደመና በዝቶ ባትሪው ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል፤ ማሰሪያው ተበጥሶ ዕቃው ጫካ ወድቆ ይሆናል።

አክስቴ፦ ወይም ሞታ ይሆናል።

እኔ፦ ወይም ሞታ ይሆናል። በነጥብ የሚያነቡት ደግ ነገርም አለ ግን። ሚያዝያ ላይ ነጥቦቹ አንድ ቦታ መከማቸት ከጀመሩ፣ ትንሽ ርቃ ወዲያው እዚያው ከተመለሰች፣ እንቁላል ታቅፋለች ማለት ነው። ማንም ሰው ሳይደርስባት፣ ሳይረብሻት፣ ጎጆዋን አወቁት። ክምሩ 45 ቀን ሳይሞላው ከተበተነ ደግሞ እንቁላሉ ጠፍቷል። ሰዎቹ ቢሯቸው ቁጭ ብለው ያዝናሉ።

አክስቴ፦ ድሮስ ይሄ ሳይኖር በምን ያውቁ ነበር?

እኔ፦ እግሯ ላይ ቀለበት ያስሩ ነበር፤ አሁንም ያስራሉ። ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት ቀላል ብረት ነው። ችግሩ ቀለበት አይናገርም። ሌላ አገር ያለ ሰው ሞታ ሲያገኛት ቁጥሩን ጽፎ ካልላከ፣ ወሬዋ አይመጣም። ሌላው መንገድ መቁጠር ነው። ጂኦፍና ሂላሪ ዌልች የሚባሉ እንግሊዛውያን በፈረንጆቹ 1987 መጸው ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለው ከየመን የሚሻገሩትን ቆጠሩ። የስቴፕ ንስር ብቻ 76,586 ሆነ።

አክስቴ፦ ሰባ ስድስት ሺህ? ጣታቸውን ቀስረው?

እኔ፦ ጣታቸውን ቀስረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ።

አክስቴ፦ ቆይ፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ? ልጆቻችን ከጅቡቲ ወደ የመን ሲሄዱ እነሱ በዚያው ባሕር ወደዚህ ይመጣሉ?

እኔ፦ በዚያው ባሕር። ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ ኦቦክ ፊት ለፊት። ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አክስቴ፦ ባብ ኤል መንደብ የልቅሶ በር ማለት ነው፣ ሼኹ ነግረውናል። ሰማዩ ላይ ደግሞ ሌላ በር አለ በለኛ። ግን ክንፍ ያላት ምን በር ያስፈልጋታል? የፈለገችው ላይ ብትሻገር ማን ይከለክላታል?

እኔ፦ ባሕሩ ራሱ ነው የሚከለክላት። ያችን ይመልከቱ፤ ከመጣች ጀምሮ ክንፏን አራግባለች? አላራገበችም። መሬቱ ሲሞቅ ላዩ ያለው አየር ይሞቅና እንደ ጭስ ወደ ላይ ይነሣል። እሷ እዚያ ውስጥ ገብታ እየዞረች ትወጣለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ክንፏን ዘርግታ ወደፊት እየተንሸራተተች ትወርዳለች፣ ቀጥሎ ሌላ ሙቅ አየር ትፈልጋለች። ካዛኪስታን ድረስ በዚህ ነው የምትሄደው። ማራገብ ከጀመረች ጉልበቷ ቶሎ ያልቃል። ባሕር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ አየር እንደ የብስ አይነሣም። ስለዚህ ሰፊ ውኃ አትደፍርም፤ ጠባቡን ትፈልጋለች።

አክስቴ፦ ስትመለስስ? በመጣችበት?

እኔ፦ እዚህ ላይ ነው መሣሪያው የረዳው። በርንድ ኡልሪክ ማይቡርግ የሚባል ጀርመናዊ ከባልደረቦቹ ጋር ሳዑዲ አረቢያ ላይ በተያዙ ንስሮች ጀርባ መሣሪያ አስሮ ተከተላቸው፤ ጥናቱ በ2003 ወጣ። በመኸር ከአረቢያ ወርደው በየመን በኩል ባብ ኤል መንደብን ይሻገራሉ። ሲመለሱ ግን በዚያ አይደለም። በሱዳንና በግብፅ ወደ ሰሜን ወጥተው በስዊዝ ነው የሚያልፉት፤ ከዚያ በኤይላት፣ በእስራኤል ጫፍ። ቀይ ባሕርን እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞሩታል። ኤይላት ላይ በ1985 የጸደይ ወራት የቆጠሩትም 75,053 ነበር። በአንዱ በር የሚገባውን አንዱ ቆጠረ፣ በሌላው በር የሚወጣውን ሌላው ቆጠረ፤ እነዚያው ወፎች እንደሆኑ ክሩን የቀጠለው ያ ጀርባ ላይ ያለ ዕቃ ነው።

አክስቴ፦ ልጆቿስ? እናትየው እየመራች ነው የምታመጣቸው?

እኔ፦ አይደለም። ብቻቸውን ነው። መንገዱን ያላየች የዚያ ዓመት ልጅ ራሷ ተነሥታ ትመጣለች። ስህተትም አለ፤ ባሕር ላይ የምትቀር አለች፣ አረቢያ ላይ የምትቀር አለች።

አክስቴ፦ እንደኛዎቹ በላ። አረቢያ ምን አላት ለንስር? አሸዋ ነው እኮ።

እኔ፦ ይሄን ቢሰሙ እህቴን ይጠይቋታል። ከሪያድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኡሸይቀር የምትባል ከተማ አለች። የቆሻሻ መጣያዋ ላይ በ2019 መጸው እስከ 6,700 የስቴፕ ንስር በአንድ ላይ ታይቷል። የሞተ ከብትና የዶሮ ትራፊ ይደፋበታል፤ እነሱም እዚያው ይከርማሉ። አንዳንዶቹ ወደኛ መውረድም ትተውታል።

አክስቴ፦ ሪያድ አጠገብ! እህትህ አንድ ቀን ከቤት አልወጣችም እንጂ ታያቸው ነበር። (ቆይተው) ንስር ቆሻሻ ላይ ስትለቅም ማሰብ ደስ አይልም።

እኔ፦ እኔንም ደስ አይለኝም። ለእሷ ግን የሞቀ ማዕድ ነው። እኛ ነን ንስርን ከንጉሥ ዘውድ አጠገብ ያስቀመጥናት።

(ቶናው ተቀዳ። ከቄራው በኩል ስድስት ያህል ተጨማሪ ተነሡ። እየዞሩ ሲወጡ ሁለቱ በጣም ተቀራርበው ክንፋቸው የሚነካካ መሰለ። አክስቴ አሁን እኔን አይጠይቁም፤ ራሳቸው አንጋጠው ይከተላሉ።)

አክስቴ፦ ጦርነት የበረታ ጊዜ እነዚህ የት ነበሩ? 2014 ኅዳርን ሙሉ እዚህ ሰማዩን ያየ ሰው አልነበረም።

እኔ፦ የእኛን የተከታተለ አላውቅም። የዩክሬንን ግን ተከታትለውታል። ትልቁ ነጠብጣባም ንስር የሚባል አለ፣ ቤላሩስ ረግረግ ውስጥ ነው የሚወልደው፤ ለመድረስ ዩክሬንን ማቋረጥ አለበት። መሣሪያ የተጫነባቸው 19 ንስሮች በ2022 መጋቢትና ሚያዝያ ጦርነቱ መሐል ገቡ። ከቀድሞዎቹ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 85 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ዞሩ። ጎጇቸው ለመድረስ 193 ሰዓት ይበቃቸው የነበረው 246 ሆነ። በፊት ከ20ው 18ቱ ዩክሬን ላይ አርፈው፣ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ነበር የሚያልፉት፤ በዚያ ዓመት ያረፉት ከ19ኙ ስድስት ብቻ ናቸው።

አክስቴ፦ ሳትበላ ደርሳ እንቁላል እንዴት ትጥላለች?

እኔ፦ የሚያጠኑትም ያሳሰባቸው እሱ ነው።

አክስቴ፦ ያን ኅዳር ኔትወርክ ተቆርጦ እህትህ ከሪያድ ስትደውል አይገባም። አንድ ወር ያህል። በኋላ ስትነግረኝ፣ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትሞክራለች። ሴትዮዋ ‹የደወሉላቸው ደንበኛ ማግኘት አይችሉም› ትላታለች። እኔ እኮ እዚህ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ለእሷ ግን ሞቻለሁ። (ሲኒውን እያጠቡ) ያኔ ነው ያቺ ሃያ ሦስት ቀን ለእሷም የደረሰቻት።

እኔ፦ እርስዎ ነጥቡ ነበሩ ማለት ነው።

አክስቴ፦ እኔ ነጥቡ ነበርኩ። ነጥብ ሆኖ ሽሮ ማማሰል!

(ሁለታችንም ሳቅን። አክስቴ ከሳቁ በኋላ መልሰው ወደ ቁም ነገሩ ነው የሚሄዱት።)

አክስቴ፦ ግን ነጥቡ ባይጠፋስ? እየላከ፣ ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ቢቆም?

እኔ፦ ከዝምታ የከፋው እሱ ነው። ዛሬም እዚያ፣ ነገም እዚያ። እንቁላል የምትታቀፍበት ወር ካልሆነ ሰው መላክ ያስፈልጋል። መሣሪያው እስከዚያ ነው ሥራው፤ ‹ኑና እዩ› ይላል። አንድ ሰው መኪና አስነሥቶ፣ ከመኪናው ወርዶ፣ በእግሩ ሄዶ መፈለግ አለበት። ካዛኪስታን ሜዳ ላይ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚያገኟት የት እንደሆነ ይገምቱ።

አክስቴ፦ ጥይት?

እኔ፦ የመብራት ምሰሶ ሥር። ዛፍ በሌለበት አገር ምሰሶ ሲተከል ለእሷ ዛፍ ነው፤ ማረፊያ አገኘች። ትልልቁ የብረት ማማ ብዙም አይገድላትም፣ ገመዶቹ ተራርቀዋል። የሚገድላት ወደ መንደር የሚገባው መካከለኛው ነው። በተለይ ኮንክሪቱ ምሰሶ፣ አናቱ ላይ አግዳሚ ብረት ያለው፣ ሽቦውን የሚይዘው ሲኒ ከብረቱ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ። እሷ ብረቱ ላይ ትቆማለች። ክንፏ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ሽቦውን ከነካች ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ መሬት ያልፋል። አበቃ።

አክስቴ፦ ሲኒውን ከብረቱ በታች ቢያንጠለጥሉትስ?

(ይህን ጥያቄ አንድም እንግዳ ጠይቆኝ አያውቅም። አክስቴ በጥያቄያቸው ብዙ መሐንዲስ ቀድመዋል።)

እኔ፦ መፍትሔው እሱ ነው! ሽቦው ከታች ከሆነ እሷ ከላይ በሰላም ትቆማለች። ወይም ሽቦውን ምሰሶው አጠገብ በፕላስቲክ ይሸፍኑታል። ሲተከል ጀምሮ ካሰቡበት ወጪው ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ከተተከለ በኋላ ማረም ነው ውድ። ፖርት ሱዳን ላይ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ መስመር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥሩ የሞቱ ነጫጭ ጥንብ አንሳዎች በብዛት ተገኙ፤ ከቡልጋሪያና ከቱርክ ወደ እኛው አፋር የሚወርዱት ዓይነት ናቸው። መስመሩ የተዘጋው በ2014 ነው። ታወቀ ከተባለ በኋላ ሠላሳ ዓመት ግድም ገደለ።

አክስቴ፦ የፈረንጅ 2014?

እኔ፦ የፈረንጅ።

አክስቴ፦ እነዚህስ ንስሮች አሁን ስንት ቀሩ?

እኔ፦ የዚያን ጊዜውን ያህል ቆጥሮ የሚያገኝ የለም። ከ2015 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል።

አክስቴ፦ (ዝም ብለው ቆዩና) የባቲ መንገድ ላይ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ምሰሶው ሥር። የጎረቤታችን ልጅ ፍየል ሲጠብቅ ትልቅ አሞራ ሞቶ አገኘ፤ ክንፉን ይዞ ሲጎትተው ከእሱ ይበልጣል። እግሩ ላይ ብረት ነበረው።

እኔ፦ ምን ዓይነት ብረት?

አክስቴ፦ እንደ ቀለበት ነዋ። ጽሑፍ አለበት። እነሱ ጂኒ ያሰረው ነው ብለው ፈርተው ነበር፣ በኋላ አባትየው ወሰደው።

እኔ፦ እትዬ! ይሄን አሁን ነው የሚነግሩኝ? መቼ ነው?

አክስቴ፦ አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? ልጁ አራተኛ ክፍል ነበር፤ አሁን አሥረኛ ነው። ስድስት ዓመት በለው።

እኔ፦ ቀለበቱስ የት ሄደ?

አክስቴ፦ የት ይሄዳል? አባትየው የሱቁን ቁልፍ አስሮበታል። (ድምፃቸውን ከፍ አድርገው) አንተ ልጅ! ሮጥ በልና አባትህን የሱቁን ቁልፍ አንዴ ይላክልኝ በለው!

በረካው ሳይጠጣ ቁልፉ መጣ። ሦስት ቁልፍ፣ አንድ የተጣመመ ቀለበት። አሉሚኒየም ነው፣ የአመልካች ጣቴን ያህል ውፍረት ባለው ነገር ላይ ተጠምጥሞ የነበረ፣ አሁን ግን በፒንሳ ተከፍቶ ተመልሶ የተዘጋ። የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ፀሐይም ወደ ጥላም አዞርኩት። በአንዱ በኩል የፊደል እግሮች ይታያሉ፣ ቃል አይወጣቸውም። በሌላው በኩል መጀመሪያ ላይ 4 አለ፣ ቀጥሎ 7 ወይም 1። ሌላውን ቁልፎቹ ስድስት ዓመት ሙሉ እየተፋተጉ ልሰውታል።

አክስቴ፦ እና? የማን አገር ናት?

እኔ፦ አይታወቅም እትዬ።

አክስቴ፦ ቁጥሩ ፊቱ ላይ ቢኖር ኖሮ እኔ እንኳ እለየው ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የምታገኙ አንባቢዎች፦ የሞተ ትልቅ ወፍ ካያችሁ እግሩንም ጀርባውንም ተመልከቱ። የመብራት ገመድ ሥር ከሆነ ግን ወደ ተበጠሰ ሽቦ አትጠጉ። ቀለበት ወይም መሣሪያ ካለበት ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፉ፤ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ አጠገቡ ምሰሶ መኖር አለመኖሩን ጨምሩና ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ፓርክ ስጡ። ለቁልፋችሁ ሌላ ማሰሪያ ፈልጉለት።